የአይኒ ኮሮላ

እዚህ ኩህሞ መጋቢት ገባ የሚባለው በረዶው ሲጠቁር ነው፤
ጨው የጠጣ መንገድ የመኪናን ሆድ ሲቦረቡር ነው።
ያኔ አገሩ ሁሉ
የዓመት ምርመራው ደርሶበት በሬ ላይ ይሰለፋል፣
ንስሐ እንደሚገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣
የደበቀው እንከን እንዳይሰማበት ሞተሩን አጥፍቶ።

ሃያ ስድስት ዓመት ከብረት ሥር ቆሜያለሁ።
ደህናው ሲመቱት «ቃ!» ይላል፤ የበሰበሰው «ዱብ»።
ሰውን ግን በመዶሻ አንኳኩቶ ማን ሊገነዘብ?

ያን ማክሰኞ አይኒ መጣች፤ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ።
ኮሮላዋ የበኩር ልጄን በስድስት ዓመት ይበልጠዋል።
ጓንቷን አውልቃ ወደ ኋላ ወንበር ጣለችና
«ጉድለት ካገኘህ ለኔ ንገረኝ» አለች፣
«እሱ ፊት አታውራ።»

መለኪያዬን በጭስ ማውጫው ሰድጄ
«ተንፍስ» አልኩት፤ ተነፈሰ፤
የወጣው ቁጥር ካምናው ያነሰ።
ፍሬኑ ቀኝና ግራ እኩል ያዘ።
መሪው አይወዛወዝ፣ ጎማው አልተላጠ።
ሰቅዬው ከሥሩ ገባሁ፤ ሻንሲው በዘይት ያብረቀርቃል፤
በየመስከረሙ በዝይ ላባ ራሷ ትቀባዋለች።
እንከን አጣሁ። ቅርም አለኝ መሰለኝ፤
መርማሪ እንከን ሲያጣ እጁን የት ያደርገዋል?

ቀኝ ጎኑን ያየሁት ከሥር ስወጣ ነው።
ጭረት። በጭረት ላይ ጭረት።
አንዱ የአጥር ቀለም ይዟል፣
አንዱ የጎረቤት ፖስታ ሣጥን አረንጓዴ፣
አንዱ የድልድይ ብረት።
ግራው ግን የሕፃን ጉንጭ ነው።

«አይኒ፣ እስቲ ታርጋውን አንብቢልኝ፤ ለመዝገቡ ነው።»
ሦስቱን ፊደል፣ ሦስቱን ቁጥር፣ ሳትደናቀፍ አለችው።
ደስ ሊለኝ ሲል ትዝ አለኝ፦
የራሷ ነው እኮ! ሠላሳ ስድስት ዓመት አብራው የኖረችበት፤
የገዛ ስሙን ለሚጠራ ሰው ዓይን ምን ሊረዳበት?
ፊቷም ወደ ታርጋው አልነበረም።
ወደ ግድግዳው ነበር።

ቅጼን አገላበጥኩ።
ለፊት መብራት ቦታ አለ፤ ለፍሬቻ፣ ለክላክስ አለ፤
ለዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ እንኳ አንድ ሣጥን ተሰምሮለታል።
ስለ ነጂዋ የሚጠይቅ የለም።
ማኅተሙን አነሣሁ። መታሁ። አለፈ።

«መንገድ ላይ ልሞክረው» ብዬ ቁልፉን ተቀበልኳት። ውሸት ነው፤
የሚሞከር ነገር አልቀረም ነበር።
ጎኔ ተቀመጠች፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣ ጫካ ለጫካ።
«አሁን ይጠመዘዛል» ትላለች፣ ጠመዝማዛው ሳይመጣ፤
«እዚህ አጋዘን ይሻገራል፣ ማርሽ ቀንስ» — ቀነስኩ፤
አጋዘኑ ከጥዱ መኻል ወጣ።
ድልድዩን በጎማው ድምፅ ለየችው፣
ሐይቁን በተከፈተው መስኮት፣ በጉንጯ።

ደጇ ላይ ስንቆም፦
«ኦይቫ፣ መቼ ነው ያወቅኸው?»
«ዛሬ።»
«እኔ ሁለት ክረምት ሆነኝ።»

ከዚያ ዝም። ሞተሩ ብቻ፣
ያ ጤነኛ፣ ያ ምንም የማያውቅ።

«በምን ልትመለስ ነው?» አለችኝ።
አላሰብኩበትም ነበር፤ ፊቴን ሳታይ አወቀች መሰለኝ፣
ሳቀች፣ እስክታስል ድረስ ሳቀች።
«ይዘኸው ሂድ እንግዲህ። አልፏል አላልክም?»
በሩንም ገፋ አደረገችው፣ በዝግታ፣
ልጅ የተኛበት ክፍል እንደሚዘጋ።

ስመለስ ስፖኪዮውን አልነካሁትም፤
በሷ ቁመት ልክ እንዳዘነበለ ነበር።
ለኔ መንገዱን አያሳይም፣
የኋላ ወንበሩን ብቻ፣ እሱ ላይ የረሳችውን ጓንት።
አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሙሉ
ከኋላዬ የሚመጣውን ሳላይ ነዳሁ፤
እኔ፣ መርማሪው።